ሞዴል አሥራ ዘጠኝ

ሰኔ ሃያ ስምንት፣ ዶፉ እየመጣ፣
መጋዘን ቆልፌ ወደ ቤት ስወጣ፣
«ፈርምና ሂድ» አለኝ አንድ ሰው ከደጅ ላይ፣
ጃንጥላው ሳይታጠፍ፣ ፊቱም ሳይታይ።
«ሦስት መቶ ኩንታል ኖራ ገቢ ሆኗል» ይላል፣
ጥራዙ ተገልጧል፣ እስክሪብቶም ቀርቧል።
ኖራውን ላይ ዞርኩኝ፤ ግቢው ጭቃ ብቻ ነው፣
አንዲት የአህያ ኮቴ እንኳ ያልረገጠው።
«ነገ ይገባል» አለኝ፤ «በጀቱ ግን ዛሬ
ካልተዘጋ ፈሰስ ነው፤ ምን ያደርጋል ወሬ?»

ፈሰስ።
ደግ ቃል ናት። እኔ ቤት ውኃ ከፈሰሰ
አሥራ ዘጠኝ ቀኑ፣ ቧንቧው አየር እየተነፈሰ።

ፈረምኩ።
ቀለሙ ሰማያዊ፤ ካርቦኑ ግን ከሥር
ስሜን ደጋገመው፣ ሁለት ጊዜ በጥቁር።

*

ከቀሃ ወንዝ በላይ የአቋቋም ቤት አለ፣
ስንት መሪጌታ መቋሚያ የተከለ፣
ስንት ጸናጽል ያደረበት ግንብ።
ዛሬ አቋቋም ያጣ የአቋቋም ቤት ሆኖ፣
አንድ ጎኑ ሰምጦ፣ አንድ ጎኑ ዘንብሎ፣
«እስቲ ልቀመጥ» የሚል ሽማግሌ ይመስላል።
ቀጥ ብሎ የቆመው ታፔላው ብቻ ነው፤
«እድሳቱ ተጠናቋል» ይላል።
ከሥሩ የብሩ ልክ፤
ዜሮዎቹ እንደ እንቁላል ተደርድረው።
በዚያ ባልፍ ባልፍ አንድ ቀን አልቆጠርኳቸውም።
ፈርቼ ነው።

*

ጥቅምት ላይ ስብሰባ፤ የቀበሌው አዳራሽ፣
የሚያጨበጭብ ፊት፣ የሚያዛጋ ኋላ።
አፈጻጸም ዘጠና ስምንት ከመቶ፣ ተባለ።
(ሁለቱ ከመቶ ምን ሆና ቀረች ብዬ አዘንኩላት።)
የታሸገ ውኃ ሞልቶ ከመድረኩ ጠረጴዛ፣
አንጓች ይመር ተነሣች፣ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ።
ወንበር ጠፍቶ ኖሮ እሱ ላይ ነው የተቀመጠች።

«እኔ» አለች፣ «ከዚያ ቤት አጥር ለአጥር ነኝ፣
ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ወረፋ የምገኝ።
መኪና ሲያልፍ፣ ጅብ ሲያልፍ፣ ሁሉን እሰማለሁ፤
እንቅልፍ የሌለኝ ሴት፣ ኖራው ሲገባ የት ነበርሁ?
ኖራ የምትሏት፣ ወረቀት ላይ ኖራ
ወረቀት ላይ አለቀች፤ መች ታየች ከሥራ?»

ሳቅ ሆነ። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ፣
«ማስረጃ አለሽ፣ እናቴ?» አለ፤ ሳቁም አለቀ።

ማስረጃ።

የመጀመሪያው ቅጂ ፋይናንስ ገብቷል፣
ሁለተኛው ቅጂ ለነጋዴው ተሰጥቷል፤
ሦስተኛው ግን ከጥራዙ አይገነጠልም።
ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ሕግ ጠብቄያለሁ፤
ሌላ የጠበቅሁት ነገር ካለ አላውቅም።
ጥራዙ ኮቴ ውስጥ ነው።
ለምን ይዤው እንደመጣሁ አትጠይቁኝ።
ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣
የልጄ ቅጥር ደብዳቤ እነሱ ጠረጴዛ ላይ አድሯል።
ደግሞም ያ ሰውዬ፣ ያ ባለ ጃንጥላ፣
ስሙ የለበትም። ብገልጠው፣ ባገላብጠው፣
በብርሃን ባሳየው፣ ውኃ ውስጥ ብነክረው፣
የሚወጣው ስም አንድ ነው፤
የኔ።

ተነሣሁ።
መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ አንጓች ጀሪካኗን
በሲሚንቶው ላይ ጎትታ መንገድ ለቀቀችልኝ።
ባዶ ነው። ባዶ ነገር ሲጎተት
እንዲህ አዳራሽ ይሞላል ብዬ አላሰብኩም።

«ለመናገር» አለ ሰብሳቢው፣ ብዕሩን እያነሣ፣
«መጀመሪያ ስምዎን ያስመዝግቡ።»

ጥራዙን ከፈትኩት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ከውኃዎቹ መካከል።

«ተመዝግቧል» አልኩት። «እዚህ ጋ ነው፤ ያንብቡት።»